አባ ኮዳ ምሳ ሊበሉ መጡ

ጎበዝ! ዛሬ የደረሰብኝን ከሰው ከምትሰሙት ከራሴ አፍ ስሙት። ይቺ አዳማ እንደሆነች ወሬ ከባቡር ቀድሞ የሚደርስባት አገር ናት፤ ይሄኔ ሞጆ ገብቶ አርፏል።

ዛሬ ቀትር ላይ፣ በእኔ ቤት፣ አንድ የተከበሩ ባላምባራስ ጎንበስ ብለው ለአሞራ እጅ ነሱ።

አዎ፣ ለአሞራ!

ባላምባራሱ ደግሞ ማን መሰሏችሁ? ልጃቸውን እንዲድሩልኝ ሽማግሌ የላክሁባቸው ሰው ናቸው!

አትሳቁ ገና። ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

እኔን የማያውቅ ካለ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለችው ሉካንዳ የእኔ ናት። ሥጋ እሸጣለሁ። ራሴን ማመስገን አልወድም እንጂ ከአዋሽ ወዲህ እንደኔ ብልት የሚያወጣ ሰው የለም። እሺ፣ ማመስገን እወዳለሁ። ግን እውነት ነው!

ከሥጋው ቀጥሎ የምታወቀው በወፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ጓሮ ወጥቼ ለርግቡና ለድንቢጡ ማሽላ እበትናለሁ። ጣቢያ ስሄድ እንኳ ከኪሴ ጥሬ አይጠፋም፤ ባቡር የሚጠብቀው መንገደኛ እኔን ከበው የሚራኮቱትን ወፎች ሲያይ ባቡሩን ይረሳል። ጎረቤት "እህል ይበትናል፣ ለይቶለታል" ይለኛል። ይበል! የማን ጓሮ ነው እንደኔ ጓሮ የሚዘመርበት?

ቀትር ላይ የሚመጣው ግን ሌላ ነው።

አባ ኮዳ!

ዝዋይ አካባቢ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። የደጋ ሰዎች ካላችሁ ግን ልንገራችሁ፤ አባ ኮዳ ቁመቱ ለሰው ደረት የሚደርስ አሞራ ነው። ራሱ መላጣ ነው። ከአንገቱ ሥር እንደ ኮዳ የተንጠለጠለ ከረጢት አለው። ጥቁር ካባ የደረበ ይመስላል፤ ሲራመድ ደግሞ ፍርድ እንደሚያስብ ዳኛ ቀስ ብሎ ነው። እግሩ ነጭ ነው። በምን እንደነጣ አልናገርም፤ እራት ላይ ያላችሁ ትኖራላችሁ።

አንጀቱን፣ ሳንባውን፣ ጅማቱን ለሱ እሰጠዋለሁ። ድሮ ጓሮ የምጥለው ሁሉ ጅብ ይጠራብኝ ነበር፤ አሁን ጓሮዬ ጥርግ ያለ ነው። አንድ ክፋት ብቻ አለው። ረቡዕና ዓርብ ሉካንዳው ዝግ ሲሆን በሩ ላይ ቆሞ በቁጣ ያፈጥብኛል። ጾም የሚባል ነገር አያውቅም።

አሁን ወደ ጉዳዩ።

ትርንጎ!

ትርንጎ የባላምባራስ ልጅ ናት። አባቷ የኬላ ሹም ሆነው ከመንዝ ከመጡ ወዲህ ከሠራተኛቸው ጋር ሥጋ ልትገዛ ትመጣለች። ብዙ አትናገርም፤ ስትስቅ ግን ሳቋ ጓሮ ድረስ ይሰማል። እሷ በር ላይ ስትቆም ሽንጡን ከጎድኑ መለየት ያቅተኛል። እኔ! ከአዋሽ ወዲህ አቻ የሌለኝ እኔ!

ወደድኳት። ምን ላድርግ?

ሽማግሌ ላክሁ። መሪያቸው ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ ከብት የሚያመጡልኝ የአርሲ ሰው። ጨዋ ናቸው፣ ቀልድ ነፍሳቸው ነው፣ አማርኛ ሲናገሩ ግን አንተና እርስዎ የሚባል ነገር አያስጨንቃቸውም። ለሹምም ለበሬም አንድ ናቸው።

ባላምባራስ ገና ከመነሻው ምን ብለው ቢጠይቁ ጥሩ ነው?

"ለመሆኑ ልጁ ደጅ የሚጠናው ማን ዘንድ ነው?"

ለሳቸው ጌታ የሌለው ሰው፣ ሰው አይባልም። ራሳቸውም ለሹመት ሲሉ የስንቱን ደጅ ሲጠኑ ነው ጠጉራቸው የሸበተው።

ኦቦ ቱፋ ሳቅ ብለው "እሱ ደጅ ይጠናል? ኧረ አባ ኮዳ ነው የሱን ደጅ የሚጠናው! በየቀኑ!" አሏቸው።

እንግዲህ አስቡት። አባ ኮዳን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የመንዝ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይመስለዋል? አባ እገሌ የመኳንንት የፈረስ ስም ነው! ባላምባራስ የገባቸው፣ የፈረስ ስማቸው አባ ኮዳ የሆነ አንድ ትልቅ ጌታ የሥጋ ሻጭ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ ነው። ስሙን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

ኦቦ ቱፋ ግራ ገብቷቸው ተመለሱ። "ዋቃዮ! ምን ዓይነት ሰው ነው? ሲቀልዱለት አይስቅም፣ ይነሳል!" አሉኝ።

በማግስቱ ባላምባራስ ራሳቸው በበቅሎ ሉካንዳዬ ድረስ መጡ።

"አባ ኮዳ እውነት እዚህ ይመጣሉ?"

"በየቀኑ፣ ጌታዬ።"

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። መናገርም ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ትከሻዬን ያዝ አድርገው "ልጄ" አሉኝ። ልጄ! ሉካንዳ ቤት ገብቶ ልጄ ያለኝ ባለማዕረግ ኖሮ አያውቅም። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

"አገራቸው ወዴት ነው?"

"ወደ ዝዋይ ሐይቅ በኩል።"

"ርስታቸው ሰፊ ነው?"

"የሐይቁን ዙሪያ በሙሉ እንደ ራሳቸው ነው የሚያዩት።"

"ጠባያቸውስ?"

"ዝምተኛ ናቸው። ሲያስቡ ቆመው ይውላሉ።"

"ሠራዊት አላቸው?"

"ከነሠራዊታቸው ሲነሱ ሰማዩ ይጠቁራል።"

"በአቧራው ነዋ!" አሉ ባላምባራስ፣ ዓይናቸው እያበራ።

አላረምኳቸውም። እስቲ ፍረዱኝ፣ የቱ ጋ ነው የዋሸሁት? አንድም ቃል!

"እንግዲያው ሐሙስ ለምሳ እመጣለሁ። ከሳቸው ጋር አገናኘኝ፤ ችግሬን ልንገራቸው። የልጅቷንም ነገር ያን ለት እንጨርሳለን" ብለው በቅሏቸው ላይ ወጡ።

አስተዋይ ሰው ቢሆን ሮጦ ልጓሙን ይይዝና እውነቱን ይናገራል። እኔ ግን ዘዴ አላጣሁም! ሐሙስ ጠዋት አባ ኮዳን እስኪያቅተው አበላዋለሁ። ከጠገበ ቀትር ላይ ምን ሊሠራ ይመጣል? ለባላምባራስ "ጌታው ለአደን ወጡ" እላለሁ። እሳቸው ጥሩ ሥጋ በልተው፣ ተደስተው፣ ልጃቸውን ይሰጡኛል። የሚያምር ዘዴ አይደለም?

አምሮ ነበር።

ዛሬ ጠዋት የአንድ በሬ ሆድ ዕቃ በሙሉ ጓሮ ላይ ዘረገፍኩለት። በልቶ በልቶ መራመድ ሲያቅተው አየሁና ደስ አለኝ። ከዚያ እንደምንም ክንፉን ዘርግቶ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ በረረ።

ለምን ወደዚያ እንደሄደ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ!

ባላምባራስ ቀትር ላይ ደረሱ። ጃኖ ኩታ ለብሰዋል፣ ጢማቸው ተበጥሯል። ለአባ ኮዳ እጅ መንሻ የሚሆን የሰባ ሙክት አሽከራቸው ይጎትታል። ከፍ ያለው መቀመጫ ላይ ላስቀምጣቸው ብል እምቢ አሉ፤ ለጌታው ይሁን ብለው ዝቅ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ትልቁን የጎድን ጥብስ ፊታቸው አቀረብኩ፤ አልነኩትም፣ ጌታው ሳይመጡ አይሆንም አሉ።

ኦቦ ቱፋን በትር አስይዤ ጓሮ በር ላይ አቁሜያለሁ። ምናልባት ብቅ ካለ እንዲያባርሩልኝ ነው።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ባላምባራስ፣ ጌታው ዛሬ እንኳ ለአደን..." ብዬ ገና ስጀምር ከጓሮ ጩኸት መጣ።

"መጣ! አባ ኮዳ መጣ! ኧረ ዘመዱን ሁሉ ይዞ መጣ!"

ቤቱ ጨለም አለ። ቀና ብዬ በመስኮት ሳይ ሰማዩ በአሞራ ተሸፍኗል። ለካ ያ ከሃዲ የሄደው ሊጠራቸው ነው!

"መጡ ይባላል እንጂ መጣ ይባላል?" ብለው ተቆጡ ባላምባራስ። ዘለው ተነሱ። ኩታቸውን አደገደጉ። በሩ ላይ ኮቴ ሲሰሙ፣ ዓይናቸውን ቀና ሳያደርጉ፣ ጣታቸው መሬት እስኪነካ ጎንበስ አሉ።

"ጌታዬ አባ ኮዳ! እኔ አሽከርዎ፣ ዘመኔን ሁሉ በደጅ ጥናት ያለቅሁ ሰው ነኝ..."



ቀስ ብለው ቀና አሉ። መጀመሪያ ነጩን እግር አዩ። ከዚያ ካባውን። ከዚያ ኮዳውን። ከዚያ መላጣውን።

ተያዩ።

አባ ኮዳ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ትክ ብሎ አያቸው። ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ አንድ እርምጃ ተራመደና ትልቁን ጎድን ከነአጥንቱ አንስቶ ዋጠው። አጥንቱ በአንገቱ ሲወርድ ሁላችንም በዓይናችን ሸኘነው።

"ይሄ ምንድነው?" አሉኝ።

"አባ ኮዳ ናቸው፣ ጌታዬ።"

ናቸው አልኩኮ! እዚያ ደርሼም!

ዱላ ጠበቅሁ። ባላምባራስ ግን በርጩማቸው ላይ ተመልሰው ቁጭ አሉ። ጢማቸው ሲንቀጠቀጥ ሳይ ሊያለቅሱ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

"ስንቱ ጌታ እጅ መንሻዬን ተቀብሎ ቀና ብሎ ሳያየኝ አልፏል" አሉ። "ዓይን ዓይኔን ያየኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው።"

ከዚያ ሳቁ! እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሙክታቸውን አስጎትተው፣ እኔን አንድም ቃል ሳይናገሩኝ፣ እየሳቁ ሄዱ።

"ኦቦ ቱፋ፣ ሳቁ እኮ! ሰጡኝ ማለት ነው!" አልኩ።

"ሳቀ" አሉ ኦቦ ቱፋ በበትራቸው አሞራ እያባረሩ፤ "ሰጠሁ ሲል ግን አልሰማሁም።"

እኔ ግን ልቤ ሞልቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ከሠራተኛዋ ጋር በሩ ላይ ስትቆም ደግሞ ጨርሶ ፈሰሰ። ለሷ የሚሆን ሽንጥ አወረድኩ።

"ተወው፣ ሥጋ ልገዛ አይደለም የመጣሁት" አለች። "አባዬ ገና እየሳቁ ናቸው። ቀላማጅ ነው እንጂ ክፉ ልጅ አይደለም ብለዋል። ይቅር ብለውሃል።"

ልዘል ምንም አልቀረኝም!

"እኔ አባ ኮዳን ያወቅሁት ገና እዚህ እንደመጣን ነው" አለች። "ስንት ጊዜ በዚህ በኩል ሳልፍ አጥንት ወርውሬለታለሁ።"

"ታዲያ ለአባትሽ ለምን አልነገርሻቸውም?"

"አንተ ትነግራቸዋለህ ብዬ ነዋ። ዛሬ ይነግራቸዋል፣ ነገ ይነግራቸዋል እያልኩ ስጠብቅህ ሐሙስ ደረሰ። ዛሬ ጠዋት ጢማቸውን ሲያበጥሩ አየኋቸው። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። በሰው ፊት ችግራቸውን ሊናገሩ፣ የሚሉትን ለብቻቸው ሲለማመዱ ነበር።"

"አንድም ቃል አልዋሸሁም" አልኩ። እንደ ሞኝ!

"አልዋሸህም" አለች። "አባዬም ይቅር ብለውሃል። እኔ ግን ገና ነኝ።"

ሄደች። ሳትስቅ ሄደች።

ጎበዝ፣ በአሞራው አላፈርኩም። ከተማው ቢስቅብኝም ችዬ እስቃለሁ፤ ለወሬ የሚሆን ትከሻ አለኝ። እኚያ ሽማግሌ ሰው ለብቻቸው ሲለማመዱ ሳስብ ግን አፈርኩ። ቢላዋዬን አስቀምጬ ሉካንዳውን በጊዜ ዘጋሁ።

ተስፋ ቆርጬ ግን አይደለም! "ገና ነኝ" አለች እንጂ "አይሆንም" አላለችም፤ እኔ ደግሞ አማርኛ እችላለሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ለአባት ሽማግሌ ይላካል። ለልጅቷ ለራሷ ማን ይላካል? ኦቦ ቱፋን ጠየቅኋቸው። "ለሷ አንተው ነህ የምትሄደው፣ ብቻህን" አሉኝ።

እሺ፣ እሄዳለሁ። ነገ እሄዳለሁ። ምላስ እንደሆነ አንሶኝ አያውቅም። ግን ያገባችሁ፣ ይቅርታ ጠይቃችሁ የምታውቁ፣ እስቲ ንገሩኝ፤ ሰው ራሱን ሽማግሌ አድርጎ ሲልክ፣ መጀመሪያ የሚናገረው ምን ብሎ ነው?