ጫካዬ የታጨች ለት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ምን አየሁ መሰላችሁ፤ ለጫካዬ የትዳር ሽማግሌ ተላከላት።

ጫካዬ የምላችሁ ከምንጩ በላይ ያለችውን፣ ባለቤቴ ትቶልኝ የሞተውን ነው። የላይኛውም የታችኛውም ቀበሌ የሚጠጣው ከሷ ሥር የሚፈልቀውን ውሃ ነው። ሰሞኑን አንድ ድንጋይ ነጋዴ ካባ ከፍቼ ድንጋይ ላውጣባት እያለ ደጄን ይመላለሳል። ከተቆፈረች ምንጩ ይደርቃል እያልኩ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ።

በሕልሜ ጫካዋ ውስጥ ድግስ ነው። ፍየሎች መግቢያው ላይ ቆመው መታወቂያ ያያሉ። አንዷ የኔን ተቀበለችና በላችው።

"ጨው ያንሰዋል፤ እለፊ" አለችኝ።

የሙሽሪት አባት ጉሬዛ ነው። ነጭ ጋቢውን ደርቦ ግንድ ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ የመጣው ዶዘር ነው፤ ጥርሱን ታጥቦ፣ ቅቤ ተቀብቶ።

"ሥራህ ምንድነው?" አለው ጉሬዛው።

"እቆፍራለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ሌላ ቦታ ሄጄ እቆፍራለሁ።"

"ቤት ለማያቆም ልጅ አንሰጥም።"

ዶዘሩ እያለቀሰ ሄደ። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላው።

ቀጥሎ የሁለቱ ቀበሌ ሊቀመንበሮች መጡ። እነዚህ በምንጩ ውሃ ተኳርፈው፣ ሚስቶቻቸው እህትማማቾች ሆነው እንኳ፣ ለቅሶ ቤት ጀርባ ተሰጣጥተው ነው የሚቀመጡት። በሕልሜ ግን በአንድ ጃንጥላ ተቃቅፈው መጡ። መሐላቸው አስካለማርያም፣ የምንጭ ጠባቂ ማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ሁለቱንም በጆሯቸው ይዛለች። እንደ ሽማግሌ ወግ ቆሙ።

"ተቀመጡ እንጂ" አለ ጉሬዛው።

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም።"

"ጥሎሹስ?"

"ሦስታችን አዋጥተናል" አለች አስካለማርያም።

"ለማን ነው የምትጠይቋት?"

"ለማንም። ታጭታለች ተብሎ ሌላ እንዳይጠይቃት ነው።"

ጉሬዛው ብብቱን አከከ። "ወዴት ልትወስዷት ነው?"

"የትም። እዚሁ አባቷ ቤት ትኑር።"

ዛፎቹ ሁሉ እልል አሉ። ጉሬዛው "እንግዲያው..." ብሎ አፉን ሲከፍት፣ ከደጅ የሰው ሳል ሰማሁና ነቃሁ።

ነግቷል፤ ዝናብ ይጥላል። በሩን ብከፍት ሁለቱ ሊቀመንበሮች በአንድ ጃንጥላ፣ መሐላቸው አስካለማርያም። ጆሯቸውን አልያዘችም እንጂ ሌላው ያው ነው።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አልኳቸው።

ገቡና ቆሙ። "እትዬ ደብሪቱ፣ ለትልቅ ጉዳይ ነው የመጣን፤ አንቀመጥም" አለ የላይኛው። "ጫካዋን ለምንጩ ብለው እንዲሰጡን ነው። ካሳውን ሁለታችንና ማኅበሩ እንችላለን። ማንም አይቆርጣትም፣ ማንም አይቆፍራትም።"

በሆዴ ተመስገን አልኩ። ግን ልጅ እንዲህ በአንድ ቃል አይሰጥም። ብብቴን አከክሁ።

"ወዴት ልትወስዷት ነው?"

እርስ በርስ ተያዩ። "ኧረ እትዬ፣ ጫካ ወዴት ይወሰዳል? እዚያው ትኑር እንጂ" አለ የታችኛው።

"እንግዲያው ቁጭ በሉ።"