መቶ መድኃኒት ከአንድ አባት

ብልሃት የሚባል ነገር መኖሪያ ሲቸግረው የመጣው ወደዚህ የመድኃኒት ፍለጋ ክፍል ነው። እዚህ ፍለጋው በብልቃጥ አይጀመርም። ፕሮግራሙ ሚሊዮን ውህዶችን በኮምፒውተር ያገላብጥና «እነዚህ በሽታውን ሳይጥሉት አይቀሩም» የሚላቸውን ይመርጣል፤ ቤተ ሙከራ የሚገቡት እነሱ ብቻ ናቸው። የተፈቀደው አንድ ዙር ሙከራ ነው፤ ከከሸፈ ክፍሉ ይዘጋል።

ከጀርባቸው «አባ መቶ» የሚባሉት ኃላፊ፣ ፕሮግራሙ መቶ ውህዶች የመረጠ ዕለት ክራቫታቸውን አጥብቀው ንግግር አደረጉ። «ድል በቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩም መቶ ነው።» ዘጠና ዘጠኝ ቢሆን ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር እግዜር ይወቅ።

ምርጫውን እንድትመዝን የተቀጠረችው ወጣት ግን የውህዶቹን ሥዕል አይታ ቢሯቸው ገባች።

«ጋሼ፣ እነዚህ መቶ አይደሉም።»

«ቆጠርሽ?»

«ቆጠርኩ። አንድ ናቸው። አጥንታቸው አንድ፣ ልዩነታቸው ጭራቸው ላይ። ባርኔጣ እየቀያየረ መቶ ጊዜ በበሩ የገባ ሰው ነው የመረጥነው። ፕሮግራሙ ስንት ውህድ አገኘ ሳይሆን ስንት ቤተሰብ አገኘ ተብሎ ይመዘን።»

«በሱ ሲመዘን ስንት አገኘን?»

«አንድ።»

አባ መቶ በአዘኔታ ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?»

«ድር ሲሆን ነዋ። ይሄ አንድ ክር መቶ ጊዜ ፎቶ ተነስቶ ነው።»

መለኪያዋ «ለጊዜው አገልግሎት የማይሰጥ» ተባለ፤ እሷም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ተዛወረች። መቶዎቹ በክብር ተሞከሩ። በሽታውን አንዱም አልነካው። የቤተሰብ ፍቅር ይሏል ይሄ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ዘጠና ዘጠኙ ብቻህንማ አትወድቅም ብለው ተከተሉት።

የበላይ መሥሪያ ቤቱ መቶ ውህድ እንዴት ባንዴ ይከሽፋል ብሎ ማብራሪያ ጠየቀ። አባ መቶ በእግራቸው ግምጃ ቤት ወረዱ።

«ያ መለኪያሽ... የቤተሰቡ።»

«አገልግሎት አይሰጥም እኮ፣ ጋሼ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ይሰጣል። በሱ ሲቆጠር ስንት ጊዜ ነው የከሸፍነው?»

ውሸት አይሆንላትም። «አንድ ጊዜ።»

«ታዲያ አንድ ጊዜ ያልተሳሳተ ማን አለ?»

በማግስቱ መመሪያ ወጣ፦ «ስኬት በነፍስ ወከፍ፣ ውድቀት በቤተሰብ ይቆጠራል።» መቶ አግኝቶ አንዴ ብቻ የሳተ ክፍል አይዘጋምና ሁለተኛ ዙር ተፈቀደ። ፕሮግራሙም ውሎ ሳያድር ሁለት መቶ ውህዶች መረጠ፤ ሁሉም የፊተኞቹ የአክስት ልጆች ናቸው።