ያራቱ ፒኖች ምቀኛ

«ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ የሚጸልይ ሰው ስሰማ እስቅ ነበር። ጤና አታሳጣኝ፣ እንጀራ አታሳጣኝ ይባላል፤ ምቀኛን ግን ማን ለምኖ ያስመጣል? እናንተም እንደኔ ስቃችሁ ይሆናል። አሁን ነገሩ ገብቶኛል፤ የገባኝም በሰው ምቀኝነት ሳይሆን በራሴው ነውና ሳልደብቅ ላውጋችሁ።

ቃሊቲ ባለ አንድ ዱቄት ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ነኝ። የጆንያ ሚዛናችን አሮጌ ነው፤ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚነጋገረው ሲሪያል የሚባለውን የድሮ ገመድ ከዩኤስቢ ቀዳዳ ጋር በምታገናኝ፣ አውራ ጣት በምታህል አዳፕተር በኩል ነው። አዳፕተሯ ላይ ፒን የሚባሉ፣ መርፌ የመሰሉ አራት ሥራ ፈት የብረት እግሮች አሉ። ስንት ዓመት ሙሉ አቧራቸውን እፍ እያልኩ መልሼ ስሰካት ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ለምን እንደተፈጠሩ ጠይቄ አላውቅም።

ለሊሴ ጠየቀች። የኮምፒዩተር ክፍላችን ሠራተኛ ናት፤ የአቃቂ ልጅ፣ አያቷ ፋብሪካው ያረፈበት መሬት ላይ ጤፍ ይዘሩ የነበሩ። ፒኖቹ አምፖል ማብራትና ማጥፋት ይችላሉ ለካ፤ ችግሩ ኮምፒዩተሩን ከአዳፕተሯ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የምንለው፣ መኖራቸውን አለማወቁ ነው። እሷ ታዲያ ቁጭ ብላ የጎደለውን ጻፈችለት። አንድ ሰኞ ጠዋት ጆንያው ሃምሳ ኪሎ ሲሞላ ቀይ አምፖል ቦግ አለ። ጆንያ ሰፊዎቹ እልል አሉ፣ ሥራ አስኪያጁ እጇን ጨብጦ አልለቅ አለ። እኔም አጨበጨብኩ።

ቀናሁ። ምን አስዋሸኝ፣ እርር ድብን አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘበኛው እንኳ እሷን በፈገግታ እያሳለፈ እኔን የሚፈትሽ መሰለኝ። መፈተሹንስ ድሮም ይፈትሸኝ ነበር፤ አሁን ግን አመመኝ።

ይባስ ብላ ልመና ይዛ መጣች። ድራይቨሩን ያለ ክፍያ የሚያሻሽሉና የሚንከባከቡ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ የጻፈችውን ተቀብለው ለሁሉም እንዲያዳርሱላት ሌላ ሰው በራሱ ማሽን ሞክሮ መመስከር አለበት። የወራት ልፋቷ በአንድ ሰው ቃል ላይ ቆሞ ነበር። ያ ሰው እንድሆንላት ለመነችኝ። ጥርስ ባዳ ነው፣ እየሳቅኩ እሺ አልኳት።

ጨዋ ሰው ቢሆን አንዴ ሰክቶ፣ አምፖሉ ሲበራ አይቶ «ይሠራል» ብሎ ይጽፍ ነበር። እኔ በሬን ዘግቼ ሦስት ቀን ሙሉ እንከን ፈለግኩባት። አራቱንም ፒኖች ባንዴ ሞከርኩ፤ ሠሩ። ሚዛኑ ኪሎ እየላከ ሳለ አበራሁ፣ አጠፋሁ፤ ሠሩ። በሦስተኛው ቀን በንዴት፣ አምፖሉ እንደበራ አዳፕተሯን መንጭቄ ነቀልኳት።

ኮምፒዩተሩ ደርቆ ቀረ።

እሰይ! ደግሜ ነቀልኩ፣ ደገመ። ሃያ ጊዜ ነቀልኩ፣ ሃያ ጊዜ ደረቀ። ከዚያ በምችለው እንግሊዝኛ ሁሉ ረጅም ደብዳቤ ጽፌ፣ ለሷ ለብቻዋ ሳይሆን ለነዚያ የየአገሩ ሰዎች በሙሉ ላክሁት። ያን ቀን ቤቴ ድረስ እያፏጨሁ ገባሁ።

በማግሥቱ ስደርስ አስተካክላ ጠበቀችኝ። ነቀልኩ፤ ምንም አልሆነም። እስኪደክመኝ ነቀልኩ። ዓይን ያየውን መካድ አልችልምና እጄ እየከበደኝ «ይሠራል» ብዬ ጻፍኩ።

ሥራዋ ተቀባይነት ያገኘ ዕለት ስልኳን ይዛ መጣች። ከስሟ ሥር የኔ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ አንዴ ስህተቱን ያገኘ፣ አንዴ ሥራውን የፈተነ ተብሎ፣ ከነምስጋናው። የነዚያ ሰዎች ደንብ ነው አለችኝ፤ እንከን ያገኘ ይመሰገናል። በምን አንጀት እንዳገኘው ግን የሚጠይቅ የለም።

አፈርኩ። «ያ ሁሉ ወዳጅ እያለሽ እኔን ለምን መረጥሽ?» አልኳት።

«ወዳጆቼማ ሳይሞክሩት ይሠራል ይሉኝ ነበር፣ ጋሽ መኮንን» አለች ረጋ ብላ። «እርስዎን ግን የዚያን ሰኞ ሲያጨበጭቡ ፊትዎን አየሁት።»

ቀጥላም ሌላ ሥራ እንደጀመረች፣ ሲያልቅ እንድፈትንላት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ጥሩ ሥራ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። በጣም ጥሩ ነው አለች።

ገና ሳላየው ሆዴ አረረ።

«አምጪው» አልኳት።