ጢማሙ ገል

ሰው ጓሮውን ሲቆፍር ሳታዩ ማለፍ ትችላላችሁ? እኔ አልችልም። ከመሬት ምን እንደሚወጣ አይታወቅማ። ወሬ ወድጄ እንዳይመስላችሁ፤ የወጥ ቤቴ መስኮት ወደ ጎረቤት ነው የሚያየው፣ ምን ላድርገው?

እዚህ ሰው አገር፣ ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር፣ ሁለት ጎረቤቶች አሉኝ። እትዬ አስካለ ኪዳን የማያስታጉሉ ኦርቶዶክስ ናቸው። ለምለም ደግሞ ጌታን የተቀበለች ናት። በሃይማኖት ተነካክተው አያውቁም። እንዲያውም በመሀላቸው የነበረውን አጥር አፍርሰው አንድ የጎመን መደብ አበጁ። እሳቸው ይተክላሉ፣ እሷ ታጠጣለች፣ ተካፍለው ይበላሉ።

ታዲያ ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግ ለምለም መደቡን ስትቆፍር አንድ ገል አወጣች። እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ግራጫ፣ ሰማያዊ ቀለም የፈሰሰበት። ስታጥበው የሰው ፊት ሆነ። ዓይኑ ፈጠጥ ያለ፣ ጢሙ እስከ ስብራቱ የወረደ ሽማግሌ። እኔም ቆሻሻ ልጥል የወጣሁ መስዬ ጠጋ አልኩ።

እትዬ አስካለ አማትበው ተሳለሙት። «ጻድቅ ናቸው፤ ልጄ ኦፕሬሽን ልትገባ ስትል የተገለጡልኝ» አሉ። ለምለም እጇን ሰበሰበች። የሷ ልጅ ደግሞ ከባሏ ተጣልታ፣ ሬንተን ያለውን ቤቷን ትታ እናቷ ዘንድ ገብታለች።

«እትዬ፣ ይሄ ድግምት ነው። የልጄን ትዳር ሊያፈርስ የተቀበረ ነው። እሰብረዋለሁ።»

«እስቲ ንኪያቸውና እንተያያለን» አሉና በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውት ገቡ።

ለምለም የጸሎት ጓደኞቿን ኮል አድርጋ አስመጣች። ወደ እትዬ አስካለ በር እጃቸውን ዘርግተው ጸለዩ። ይሄ ነው ነገሩን ያባሰው። ሰላምታ ቀረ። ሰነባብቶ የለምለም ባል የአጥር እንጨት የጫነ መኪና ደጃፉ ላይ ፓርክ አደረገ። የመጀመሪያውን ምሰሶ የተከለው መደቡ መሀል ነው፤ ቡቃያውን ረግጦ።

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ይላሉ። ያልተማርኩ ነኝ፣ ግን እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ እትዬ አስካለ የለመኑትን አዩ፣ ለምለም የፈራችውን አየች። ሁለቱም ያዩት ልጆቻቸውን ነው። ገሉን ማን አየው?

ያየችውስ የእትዬ አስካለ ልጅ ናት። ከኦፕሬሽኑ በደህና ወጥታ መተኛቱ ቢሰለቻት ጊዜ፣ ፎቶ አንስታ ሙዚየም ውስጥ ለሚሠራ ሰው ላከችለት። የጀርመኖች ነው አለ፤ የድሮ ማሰሮ አንገት። ጢማሙ ለጌጥ የተደረገ ነው እንጂ ማንም አይደለም።

«ማሚ፣ የቢራ መቅጃ ነው» አለቻቸው። እየሳቀች። ለምለምም ጓሮዋ ሆና ሰማች።

አያችሁ፣ አንድ ሸክላ ሠሪ ባሕር ማዶ ተቀምጦ ጠጪው ፈገግ ይበል ብሎ ጢም አበጀ። ስንት ዘመን ቆይቶ እትዬ አስካለ ተሳለሙት፣ ለምለም ጸለየችበት።

ሽማግሌ ልልክባቸው ሳስብ በሩ ተንኳኳ። ብከፍት ሁለቱ አብረው ቆመዋል።

«አደራሽን፣ ይህ ነገር ቤተ ክርስቲያን እንዳይሰማ» አሉ እትዬ አስካለ።

«የኛም ቸርች» አለች ለምለም፤ ቀጥላም በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች፣ «ግን እትዬ፣ የሷ አፍ የሚቻል ይመስልዎታል?»

«ብቻዬንማ አልችላትም። አንድ ላይ እንጠብቃታለን እንጂ።»

በማግሥቱ ምሰሶው ተነቀለ። አሁን ከሰዓት ከሰዓት ጓሮ ተቀምጠው ያሙኛል፤ እሰማለሁ። ሐሜት ጎረቤት ያጣላል ይባላል። እነዚህ ግን እኔን ማማት ከጀመሩ ወዲህ ተጣልተው አያውቁም።