ለዓሣ የተጠየቀ የደረጃ ዕድገት

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ መቀመጥ የማይችል ሰው አይጠፋም። ወንበር ቢሰጡት ጫፉ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሻይ ቢያዙለት ሳይቀርብ ይነሣል። በአምቦው ኮሌጅ ይህ ሰው የባዮሎጂ መምህሩና የዓሣ ፅንስ ባለሙሉ ሥልጣኑ ክቡር ኦቦ ሂርጳ ናቸው። ፍዳዋን የምታየው ደግሞ የሰው ሀብት ሠራተኛዋ ለንሳ ናት፤ ቢሮዋ ከቤተ ሙከራው ጋር ግድግዳ ይጋራል።

በየሃያ ደቂቃው ብቅ ይላሉ። "አካም ጂርታ ለንሳ? የፅንሱ መካከለኛው ንብርብር እየተሠራ ነው እኮ!" ከዚያ ንብርብር ልብ፣ ደምና ጡንቻ እንደሚወጣ፣ ጎረቤት ሴሎች የዕድገት ምልክት እንደሚልኩ፣ ምልክቱ ጂኖችን ቀስቅሶ እነሱም ሌሎቹን እንደሚያዝዙ ለንሳ ሳትወድ በግድ ተምራለች። "ምልክቱ በሰዓቱ ካልደረሰ ጅራት የለም!" ይላሉ። ይህንኑ ለጊንጪ ሚኒባስ ረዳት ነግረውታል፤ ለሰው ሚስት ሊጠይቁ ሽምግልና ሄደው ለልጅቷ አባት ሳይቀር ነግረዋል። ልጅቷ የተፈቀደችው በስንት መከራ ነው።

"ኦቦ፣ እባክዎ አንድ ቀን እንኳ አርፈው ይቀመጡ!" ትላቸዋለች።

ባለፈው ወር ለእንቁላሎቹ ማሞቂያ መጠባበቂያ ባትሪ ጠየቁ። የደብዳቤው ርእስ "የዓሣ ፅንስ የዕድገት ምልክትን ይመለከታል" ይላል። ለንሳ "ዕድገት" የሚለውን እንዳየች ከደረጃ ዕድገት ጠያቂዎች ፋይል ከተተችው። የደረጃ ዕድገት ኮሚቴውም ከርእሱ ሳያልፍ ወሰነ፦ "ለዓሣ የደረጃ ዕድገት የሚፈቅድ መመሪያ ስለሌለ ጥያቄውን አልተቀበልነውም።" ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ ለንሳም አብራ ሳቀች።

ሐሙስ ጠዋት መብራት ጠፋ። ዓመት ሙሉ ከተለፋባቸው እንቁላሎች የቀሩት የመጨረሻዎቹ ነበሩ፤ መካከለኛው ንብርብር የሚጀምርበት ሰዓትም ደርሷል። ከቀዘቀዙ አበቃ። ለንሳ የቤተ ሙከራውን በር ስትከፍት ኦቦ ሂርጳ ተቀምጠዋል። ተደላድለው፣ ወንበሩን ተደግፈው። እንዲህ ሆነው ከምታያቸው ዕድሜ ልኳን ቢነዘንዟት መረጠች።

"እንቁላሎቹ ስንት ዲግሪ ነው የሚፈልጉት?"

"ሃያ ስምንት።"

የሻይ ቤቱን ፔርሙዝ ሁሉ ሰብስባ መጣች። ሳፋ ላይ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ቀላቅላ፣ ቴርሞሜትር ነክራ፣ የእንቁላሎቹን ሳህን አንሳፈፈች። "ፈርሚልኝ" ባዩ ባለጉዳይ ከበሩ ሲሰለፍ "ነገ!" እያለች መለሰችው።

"ደብዳቤዎን ያለ ቦታው የከተትኩት እኔ ነኝ" አለች፣ ቀና ሳትል።

"አውቃለሁ። ውሃው ቀዘቀዘ፤ ጨምሪበት።"

መብራት የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ኦቦ ሂርጳ ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ተከሉ። ከዚያ ወንበሩን ገልብጠው ብድግ አሉ። "ጀምሯል! ሴሎቹ ወደ ውስጥ እየገቡ ነው!" እየተንጎራደዱ ያንን አርባ ጊዜ የሰማችውን ትምህርት ከሀ ጀመሩ።

ለንሳ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ፣ የወደቀውን ወንበር አንሥታ ተቀመጠችበት።

"እሺ፣ ከዚያስ?" አለቻቸው።