ከባሕር መሐል የመጣ ሚስኮል

ስልክን የፈለሰፈው ሰው ሰዎች እንዲነጋገሩበት አስቦ ይሆናል። እኛ ደግሞ ሳንነጋገር የምንግባባበትን ዘዴ ጨመርንለት፤ ሚስኮል ማለቴ ነው። የምኖረው ሰበታ ነው፣ የምሠራው አዲስ አበባ። ማታ ከታክሲ ስወርድ ለባለቤቴ አንድ ጊዜ አስጠርቼ እዘጋለሁ፤ መጣሁ፣ በሩን ክፈቺ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ካስጠራሁ ዳቦ ቤቱ ጋ ቆሜያለሁ ማለት ነው፤ መልሳ ካስጠራች እገዛለሁ፣ ዝም ካለች ቤት ውስጥ ዳቦ አለ። በቀደም ባትሪዋ አልቆ ዝም ብላ ኖሮ ቆሎ ቆርጥመን አድረናል፤ ይህ ግን የባትሪው ጥፋት እንጂ የዘዴው አይደለም። ደግሞ "እኔ እንኳ ካርድ አያልቅብኝም" ብላችሁ እንዳትኮፈሱብኝ። ሚስኮል የካርድ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ጠባያችን ከሆነ ቆይቷል። እንዲያውም ካርድ የሞላለት ሰው ነው አብዝቶ የሚያደርገው።

እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው ነው እንግዲህ ባለፈው ዓመት መርከብ ላይ የወጣው። የምሠራበት መደብር የወለል ሴራሚክ አስመጥቶ ይሸጣል፤ አምራቾቹ በደንብ የሸጡላቸውን ሰዎች ሊያዝናኑ አሰቡና እኔም ዕጣው ደረሰኝ። እስከ ዱባይ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመርከብ የባሕር ሽርሽር። ዜናውን ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን አጥፍተህ ነው የሚል ነበር። ሰው በደህናው ጊዜ ከመሬት ላይ ይነሣል ብላ አታምንም።

መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ብርሃኑ የሚባል የሱሉልታ ልጅ አለ። አገር ለቆ ወጥቶ አያውቅም፤ ስለ ውጭ አገር ግን ማንም አይቀድመውም። እሱ ነው ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ ያስጠነቀቀኝ። መርከቡ ከወደብ ሲርቅ ስልክህ የመርከቡን ኔትወርክ ይይዛል፣ ኔትወርኩ የሚመጣው ከሳተላይት ነው፣ ስለዚህ "ሃሎ" ስትል ካርድህ ግማሽ ይሆናል አለኝ። ይህን ቻልኩት። ቀጥሎ ያለው ነው ያንገበገበኝ፤ የሚደውልልህም ሰው አንተን ያስከፍልሃል አለ። እኔ ሳልጠራው በራሱ ጊዜ ለሚደውል ሰው እኔ ልክፈል? ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝልህ አለኝ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከብርሃኑ የሰማሁትን ልንገራችሁ። መርከቡ ላይ ስትወጡ ያቺን የአውሮፕላን ምልክት፣ ፍላይት ሞድ የሚሏትን፣ ትነካላችሁ። የመርከቡን ዋይፋይ በፓኬጅ መግዛት ይቻላል፤ እኔ ዋጋውን ስሰማ ሁለተኛ ጥያቄዬን ረስቻለሁ። መርከቡ ወደብ ሲደርስ ወርዳችሁ ነፃ ዋይፋይ ያለው ቤት ትገባላችሁ፣ በቴሌግራም ደውላችሁ የልባችሁን ታወራላችሁ፣ ተመልሳችሁ ትሳፈራላችሁ። አለቀ። ለዚህች ምክር ብላችሁ ማንበብ የጀመራችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ።

የእኔ ጣጣ ግን ሰናይት ናት። ሰናይት ታናሽ እህቴ ናት፤ እዚሁ ሰበታ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ጥራት ትቆጣጠራለች። እዚያው የሚሠራ ገመቹ የሚባል የቡራዩ ልጅ ወደዳት፣ ወደደችው፣ ሽማግሌ ላከ። እናቴ በወጉ መሠረት አንደኛውን ጊዜ "ዘመድ እናማክር" ብላ መለሰቻቸው። ሁለተኛውንም ጊዜ መለሰቻቸው፤ ልጅ እንዲሁ በቀላሉ አይሰጥም። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ መመለስ ግን እምቢታ ነው። የአንድ ቤት ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ከሄደም አይመለስም። ያ ሦስተኛው ቀጠሮ የዋለው እኔ ባሕር ላይ በምሆንበት እሑድ ነው።

ቀኑ ይቀየር ብንል ማን ይሰማናል? ሦስቱን ሽማግሌዎች ማሰባሰብ ራሱ ሌላ ሽምግልና ነው። አባታችን በሕይወት ስለሌለ እናቴ የታላቅ ልጄ ቃል በጆሮዬ ካልተሰማ አፌን አልከፍትም ብላለች። ስለዚህ እሑድ መርከቡ ወደብ ላይ ስለሚውል ከዚያ በነፃ ዋይፋይ ደውዬ ተስማምቻለሁ እላለሁ ተባባልን። ለክፉም ለደጉም ብዬ ግን ከሰናይት ጋር በሚስኮል ተቃጠርን። መደወል ካቃተኝ ከመርከቡ ላይ በራሷ ስልክ አንድ ጊዜ አስጠርቼ እዘጋለሁ፤ እሺ፣ ይሰጣቸው ማለት ነው። ያልተነሣ ስልክ አያስከፍልም፤ ባሕርም ላይ ሕጉ ያው ነው። ሁለት ጊዜ ካስጠራሁ ደግሞ እስክመጣ ይቆዩ ማለት ነው።

"ሁለተኛው ለምን አስፈለገ?" አለችኝ ሰናይት።

ለወጉ ያህል ነው አልኳት። ታላቅ ወንድም እሺ ብቻ የሚል ከሆነ ለምን ይጠየቃል? ትኩር ብላ አየችኝና ወጣች።

መርከቡን ላውራላችሁ ብል ሐሰት ይሆንብኛል፤ አላየሁትም። ሌላው ሰው ይዋኛል፣ ይጨፍራል፣ ከላይ ተንሸራቶ ውኃ ውስጥ ይዘፈቃል። እኔ ያቺን የአውሮፕላን ምልክት እያየሁ፣ ኪሴ ውስጥ በራሷ ጊዜ ጠፍታ ካርዴን ታስበላው ይሆን እያልኩ ስሳቀቅ ሰነበትኩ። እሑድ ወደብ ደረስንና ሰው ሁሉ ከተማ ሊያይ ሲበተን እኔ በሩ ላይ "ነፃ ዋይፋይ" የሚል የተለጠፈበት ሻይ ቤት ገብቼ ተጎለትኩ። ቀጠሮው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰናይት በቴሌግራም ጻፈችልኝ፤ ሽማግሌዎቹ ገና አልተነሡም፣ ሦስተኛው ሽማግሌ ሱሉልታ ነው ያሉት፣ ሁለቱ ቡራዩ ተቀምጠው እሳቸውን እየጠበቁ ነው። ቀጥላ የሱሉልታው እንጦጦን እየወረዱ ነው አለች። ቀጥላ ቡራዩ ደርሰዋል ግን ምሳ ሳይቀምሱ አይነሡም ተብለዋል አለች። እኔ አራተኛ ሻዬን ይዣለሁ፤ አሳላፊው ቤት ኪራይ ሊያስከፍለኝ እንዳሰበ ፊቱ ላይ ይነበባል። ቡራዩና ሰበታ ካርታ ላይ ጎረቤት ናቸው። ካርታ ታክሲ ጠብቆ አያውቅም።

መርከቡ ተሳፈሩ ብሎ ጮኸ። የሥራ ባልደረቦቼ ፌስታል በፌስታል ሆነው ሲመለሱ እኔ ባዶ እጄን፣ ሆዴ በሻይ ተነፍቶ፣ በንዴት ጆሮዬ ግሎ ተሳፈርኩ። የመጨረሻው መልእክቷ "አሁን ገና ግቢ ገቡ" የሚል ነበር። ከዚያ ዋይፋዩ ራቀ፣ ወደቡ ራቀ።

እንግዲህ የቀረው ሚስኮሉ ነው። አንድ ጊዜ ማስጠራት ምን ያቅታል? ጥግ ይዤ ፍላይት ሞዱን አጠፋሁ። ወዲያው አንድ ኔትወርክ ያዘኝና "እንኳን ደህና መጡ" አለኝ በእንግሊዝኛ። እንዲህ በትሕትና የሚቀበል ነገር ሲሸኝ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። የሰናይትን ቁጥር ነካሁ፣ ቀይዋ ምልክት ላይ አውራ ጣቴን ደቀንኩ፣ ጠራ።

ተነሣ።

ያላሰብኩት ነገር ይህ ነው። ሽማግሌ ሲመጣ የምትጠየቀዋ ልጅ ጓዳ ትገባለች እንጂ ሳሎን አትታይም። የልጄ ቃል የሚሰማው ሽማግሌው ፊት ነው ብላ እናቴ የሰናይትን ስልክ ቡፌ ላይ አስቀምጣዋለች። ቡፌው አጠገብ የተቀመጠው ደግሞ አጎቴ ጋሽ ታደሰ ነው። ሰናይት ስትወጣ ቢጠራም አታንሡት ብላ አደራ ብላዋለች። ጋሽ ታደሰ ግን ከውጭ አገር የተደወለ ስልክ ሲጮህ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ሰው አይደለም። ከባሕር ላይ ተደውሎ ዝም ይባላል እንዴ ብሎ አነሣው፤ አንሥቶም ላውድ ላይ አደረገው።

እንዴት ነህ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩ። ደህና ነህ ወይ አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ባሕሩ እንዴት ነው አለኝ። ልዝጋው? ሽማግሌ ፊት አጎት ላይ ስልክ መዝጋት? ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም፣ እህል ውኃም አንቀምስም ብለው ቆመዋል፤ እኔ ከዘጋሁ እነሱም ይወጣሉ። ጋሽ ታደሰ የእኔ ካርድ ሳያሳስበው ሥነ ሥርዓት ይቀድማል ብሎ ስልኩን ለዋናው ሽማግሌ፣ ለኦቦ ቶለሳ አቀበላቸው።

"አካም ጅርታ? ናጋዳ?" አሉኝ ኦቦ ቶለሳ በኦሮምኛ፣ ረጋ ብለው፤ እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ ወይ ነው።

ናጋ፣ ገለታ ዋቃ አልኳቸው። ማቲን ናጋዳ፣ ቤተሰቡስ ደህና ነው ወይ አሉኝ፤ ቤተሰቡ የቆመው እሳቸው ፊት ነው። ናጋ አልኩ። ሎን ናጋዳ አሉኝ። ከብቶቹ ደህና ናቸው ወይ ማለታቸው ነው። በዚያ ዋጋ፣ ከሳተላይት በሚመጣ ድምፅ፣ ኖረውኝ ስለማያውቁ ከብቶች ደህንነት ምስክርነት ሰጠሁ። አልተናደድኩም አልልም። በሌላ ቀን ቢሆን ግን አመሰግናቸው ነበር፤ ሰላምታ ማሳጠር ነውር ከሆነበት አገር ነው የተወለድኩት። ከሳቸው ለሱሉልታው ሽማግሌ ተላለፍኩ፤ እሳቸው ስለ መንገዱ ይቅርታ ጠየቁኝ። የመጨረሻው ሽማግሌ መረቁኝ። ምርቃት ደግሞ አሜን እየተባለ ይሰማል እንጂ አይቋረጥም። መጨረሻ ላይ እናቴ ደረሰች።

"በላህ ወይ?" አለችኝ።

"እማዬ፣ በልቻለሁ። አሁን ስሚኝ፤ የሰናይትን ነገር እኔ…"

ጠፋ። ሃሎ አልኩ፣ ሃሎ አልኩ፤ ስልኩ እንደ ድንጋይ ዝም አለ። አራት ሰው ሰላም ብዬ ለአንዲቱ ቃል ካርድ አጠረኝ ማለት ነው። ወይስ ሳተላይቱ ነው የሄደው? ትንሽ ተርፎኝ እንደሆነ ብዬ ደግሜ ደወልኩ። አንድ ጊዜ ጠራና እሱም ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሒሳብዎ አልቋል የሚል ጽሑፍ መጣልኝ።

የመርከቡን የዳር ብረት ተደግፌ ቆሜ ነው ነገሩ የገባኝ። አንድ ጊዜ ጠራ። ደግሞ ጠራ። ሁለት። ሁለት ደግሞ ይቆዩ ማለት ነው። በገዛ እጄ፣ በሦስተኛው ቀጠሮ፣ የእህቴን ሽማግሌዎች ከባሕር መሐል መልሼ ሰደድኳቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ግን ተቀምጬ፣ አስቤ፣ ተጠንቅቄ ነው የታጠቅኩት። የዋይፋዩን ፓኬጅ ልግዛ ብዬ ብሄድ ሻጩ ሳተላይቱ እስከ ነገ አይሠራም አለኝ። እራት አልበላሁም። ሰናይት ጓዳ ተቀምጣ ስታለቅስ ታየኝ፤ ይህቺን ልጅ ትምህርት ቤት እጇን ይዤ የወሰድኳት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ዱባይ ወርደን ዋይፋይ ስይዝ መልእክት ዘነበ። ጋሽ ታደሰ ታላቅ ሰው ላይ ስልክ ዘግተሃል ብሎ አኩርፎ ጽፏል። ከሰናይት አንድ ብቻ ነበር፤ "ተሰጥቻለሁ። በደህና ግባ።" ደስ አለኝ። አለፍ ብሎም ኩራት መጣብኝ። በቃ፣ የመጀመሪያዋ ጥሪ ናት የተቆጠረችው፤ ዘዴዬ ሠርቷል ማለት ነው። ቤት ስገባ እናቴ ባሕር አቋርጦ የደረሰ ቃል ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። እኔም ተሳምኩ።

በሳምንቱ ከሰናይት ጋር ቡራዩ አማቾቿን ልንጠይቅ ታክሲ ይዘን ስንሄድ ነው ነገሩን ያነሣሁት። ሁለተኛውን ጥሪ አላየሽውም አይደል አልኳት፣ እየሳቅኩ።

"አየሁት እንጂ" አለች። "አጎቴ ይኼ ደውሎ የሚዘጋው ምን ማለቱ ነው ብሎ ስልኩን ጓዳ ይዞልኝ መጣ።"

"ታዲያ ምን አልሽው?"

"ከተስማማሁ ሁለቴ አስጠራለሁ ብሎኝ ነበር አልኩት።"

ታክሲው ውስጥ ያለው ሙዚቃ ሁሉ የጠፋ መሰለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠራስ ኖሮ አልኳት። አንዴም ቢሆን እሺ ነበር አለች። ጭራሽ ባይጠራስ? ኔትወርክ እምቢ ብሎት ነው፣ ሳይሄድ ግን ነግሮኛል እላቸው ነበር አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ካልታዘልኩ አላምንም የምትል ሙሽራ አይደለችም የኔዋ። ራሷን በራሷ አዝላ ሄዳለች።

ሰርጉ አልፏል። ጋሽ ታደሰ ዛሬም በየድግሱ ከባሕር መሐል የተደወለችውን ስልክ እንዴት እንዳነሣት ያወራል፤ ኦቦ ቶለሳም ጨዋ ልጅ ነው፣ በዚያ ሁሉ ማዕበል ሰላምታውን አላሳጠረም ይሉልኛል። እናቴ የልጄ ቃል ባይደርስ ኖሮ ትላለች። በዚህ ጊዜ ሰናይት ቀና ብላ ታየኛለች። እኔ ምንም አልልም። ዝም ማለት እስካሁን ተጨማሪ ሒሳብ አልተጠየቀበትም።