አከራዬን አባት ያደረግሁ ጊዜ

መርካቶ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው ሁለት ጠላት አለው፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጣው አውቶቡስና የሽማግሌዎች ጤና። አውቶቡሱ በየቀኑ ሰው ያራግፋል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ሦስት ክፍል ለብቻቸው ይዘው ይኖራሉ፤ እንኳን ሊሞቱ ጉንፋንም አይዛቸው። በዚህ መሀል ኪራይ ሽቅብ ይወጣል፤ እኔና እናንተ ጓዛችንን ተሸክመን እንንከራተታለን። አዲስ ችግር እንዳይመስላችሁ፤ በጃንሆይ ጊዜም ያው ነበር።

ያኔ ሸማ ተራ ጋቢ እሸጣለሁ። የምኖረው ጋሼ ደምሴ ግቢ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ጋሼ ደምሴ ዕድሜያቸውን በርበሬ በረንዳ የፈጁ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም። አንድ ቀን ጠሩኝና፣ አዲስ የመጡ ሰዎች ለክፍሏ ካንተ የበለጠ እንከፍላለን ብለዋልና ወይ ጨምር ወይ ልቀቅ አሉኝ። መጨመሪያ የለኝ፣ መሄጃ የለኝ። ቤት መፈለግ ታከተኝ፣ በእውነት። እሳቸው ግን ቀጥለው ጧሪ ቀባሪ የለኝም እያሉ ሲያማርሩ ብልሃት መጣልኝ፤ ለምን የጡት ልጃቸው አልሆንም? ልጅ እንደሆነ ኪራይ አይከፍል!

ጋሼ ደስ አላቸው። ሽማግሌ ተቀመጠ። እንደ ወጉ አውራ ጣታቸውን በጡት ፈንታ ማር ነክረው አጎረሱኝ፣ እኔም ከነጢሜ ጠባሁ። የበርበሬ ነጋዴ ጣት ነውና ማሩ ትንሽ ያቃጥላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ኪራይ የሚባል ነገር ቀረልኝ።

የዘነጋሁት ነገር፣ አባት ብቻውን አይገኝም። ደምሴ ልጅ አገኘ የሚለው ወሬ አገር ቤት ሲደርስ፣ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ነውና፣ መጀመሪያ አንድ አጎት ዓይናቸውን ሊታከሙ መጡ። ቀጥሎ የእህት ልጅ ሥራ ፍለጋ ከነሚስቱ ደረሰ። ማን ዘንድ ይረፉ? ልጅየው ዘንድ ነዋ! የጡት ልጅ ሆኖ ቦታ የለም የሚል አንደበት ከየት ይመጣል? አልጋዬን ለቀቅሁ፣ ከዚያ መደቡን፣ በመጨረሻም በሩን። የሚበሉትን የማቀርበውም እኔው ነኝ።

ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ማዶ ሌላ ክፍል አገኘሁ፤ ኪራዩ ጋሼ ጨምር ካሉኝም ይበልጣል። አከራይዋ፣ አንዲት ብቸኛ አሮጊት፣ ዘመድ እንዳለኝ ጠየቁኝ። አባት አለኝ፣ ቤታቸውም ከድልድዩ ወዲያ መርካቶ ነው አልኳቸው።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ታዲያ ምን አድርግ ብሎህ የሰው ቤት ትከራያለህ?»

«አባቴን ልጦር ነው፣ እትዬ» አልኩ። «እዚያ ሆኜ አልተቻለም።»